ፊደል ሲመጣ ተረቱ የት ቀረ? — ለሸደር ልጆች ስለሚሆኑ መጻሕፍት

ከመካከላችን ነገ መምህር የሚሆነው ብዙ ነው። ዕጣው የት እንደሚያደርሰው ግን ዛሬ አያውቅም። ለአንዱ ባሕር ዳር፣ ለአንዱ ጂንካ፣ ለአንዱ ደግሞ ጅግጅጋ ይወጣለታል፤ ጅግጅጋ የደረሰውም መንገዱን ቀጥሎ በአው በሬ ወረዳ ሸደር ላይ ሊያርፍ ይችላል። እንግዲህ ይህን ጓደኛችንን «አንድ ሣጥን የልጆች መጻሕፍት ይዘህ ሂድ» ብንለው፣ ሣጥኑ ውስጥ ምን ምን ይከተት? በዚህች አጭር ጽሑፍ ልንመልሰው የምንሞክረው ይህንኑ ጥያቄ ነው።

«የተገኘውን ሰብስቦ መሄድ ነው እኮ፤ ይሄም ጥያቄ ሆኖ?» የሚል አይጠፋም። ብዙ ጊዜ የሚደረገውም ይኸው ነው። ከባሕር ማዶ በእርዳታ የመጣ መጽሐፍ በካርቶን ይታጨቃል፤ በረዶ ላይ ስለሚንሸራተት ልጅ፣ ስለ ገና ዛፍ፣ ስለ ምድር ውስጥ ባቡር የሚያወራ። ልጁ ሥዕሉን ያገላብጥና መልሶ ያስቀምጠዋል። ከዚያ «የዚያ አገር ልጆች ማንበብ አይወዱም» ተብሎ ይወራል። እኛ ግን ነገሩ የመውደድና ያለመውደድ ሳይሆን የታሪክ ጉዳይ ነው እንላለን። የሸደርን ልጅ መጽሐፍ ያሳጣው የተረት እጥረት አይደለም። የፊደልም እጥረት አይደለም፤ እንዲያውም ፊደል በዝቶበታል! በአንድ መቶ ዓመት ውስጥ ቢያንስ አራት ዓይነት ፊደል በደጁ አልፏል። እያንዳንዱ ይዞ የመጣው ግን ማስቆጠሪያውን እንጂ ተረቱን አልነበረም። ይህን ሳይረዱ ሣጥን መሙላት የቤቱን ሰው ሳይጠይቁ ዕቃ እንደ መግዛት ነው።

(በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ስንል በአገራችን አቆጣጠር ነው፤ የውጭውን «እ.ኤ.አ.» እያልን እንለየዋለን።)

«ሼኮ ሼኮ»

እኛ ቤት ተረት ነጋሪው «ተረት ተረት» ሲል ልጆቹ «የላም በረት» ይላሉ። ሶማሊኛ ተናጋሪው ቤት ደግሞ ነጋሪው «ሼኮ ሼኮ» ይላል፤ ልጆቹም «ሼኮ ሐሪር» ብለው ይመልሳሉ። ሐሪር ማለት ሐር ነው፤ የሐር ተረት ማለታቸው ነው። እኛ ለተረታችን የላም በረት አዘጋጀንለት፣ እነሱ ሐር አለበሱት። መሠረቱ ያው አንድ ነው፤ ማታ፣ እሳት ዳር፣ አያት ወይም እናት፣ ዙሪያውን የተኮለኮሉ ልጆች።

ከነዚህ ተረቶች አራቱን ያላወቀ ሰው ወደ ሸደር ባይሄድ ይሻላል። አንደኛዋ ደግዴር ናት፤ አንድ ረጅም ጆሮ ያላት ሰው በላ ሴት፤ የኮቴ ድምፅ ከሩቅ የምትሰማ። ሁለተኛዋ ወንዶችን ቀጥቅጣ ገዛች የምትባለው ንግሥት አራዌሎ ናት። ሦስተኛው ዒጋል ሺዳድ ነው፤ በፈሪነቱ አገር የሚስቅበት፣ ግን ማንም የማይጠላው ሰው። አራተኛው ዊል ዋል ነው። ይህ የመጨረሻው የፈጠራ ሰው ብቻ አይደለም። ገራድ ፋራህ ገራድ ሒርሲ የሚባል፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጅግጅጋን አካባቢ የመራ ሰው ነው፤ የጅግጅጋ አውሮፕላን ማረፊያም በስሙ ተጠርቷል።

ስለ ዊል ዋል ከሚነገሩት ሁሉ የታወቀችው እንቆቅልሹ ናት። ገራዱ ሕዝቡን ሰብስቦ «ሰውን ከሰው የሚያጣላውን፣ ደግሞም ሰውን ከሰው አንድ የሚያደርገውን የበግ ብልት አምጡልኝ» ይላል። ሀብታሞቹ ጎድኑንና ጮማውን ይዘው ይሰለፋሉ። አንድ ድሀ ሰው ግን ብልህ ልጁ በመከረችው መሠረት ጉሮሮ ይዞ ይመጣል። ሰውን የሚያጣላው ለብቻ ለመዋጥ የሚስገበገብ ጉሮሮ ነው፤ ተካፍሎ ከዋጠ ደግሞ የሚያፋቅረውም እሱው ነው። ገራዱ መልሱ ከማን እንደ መጣ ሲያጣራ ልጅቷ ላይ ይደርሳል፤ ብልህነቷንም ያከብራል። እንግዲህ በጅግጅጋ ሜዳ የተነገረች፣ ጀግናዋም ትንሽ ልጅ የሆነች ተረት ይህችው። ወደ ኋላ እንመለስባታለን፤ በወረቀት ላይ የሠፈረችበት አገር ያስገርማልና።

አራት ፊደል፣ አንድ ልጅ

የመጀመሪያው ፊደል የዓረብኛው ነው። የቁርኣን ተማሪው ሎሕ በሚባል ጠፍጣፋ እንጨት ላይ በጥላሸት ቀለም ይጽፋል፤ ሲያጠናው ያጥበውና ሌላ ይጽፍበታል። ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የነበሩት ሼክ ዩሱፍ አል-ከውነይን የዓረብኛን አናባቢ ምልክቶች በሶማሊኛ ስም እየጠሩ ለልጆች የማስቆጠር ዘዴ እንዳበጁ ይነገርላቸዋል። ልጅ በራሱ ቋንቋ በኩል ቢገባ ቶሎ ይገባዋል የሚለውን ነገር እኛ በትምህርት ክፍላችን እንደ አዲስ ግኝት ስንማረው፣ ሼኩ አስቀድመው ሠርተውበታል ማለት ነው። ነገር ግን ሎሑ የጸሎትና የሃይማኖት ትምህርት ነው። ደግዴር ሎሕ ላይ አትጻፍም።

ሁለተኛው ፊደል የተወለደው እዚያው ጎረቤት፣ ከአው በሬ ድንበሩን ተሻግሮ በምትገኘው በቦረማ ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 ገደማ ሼክ አብዱራህማን ሼክ ኑር የሚባሉ የከተማዪቱ ቃዲ ለሶማሊኛ የሚሆን አዲስ ፊደል አወጡ። ደብዳቤና ግጥም ተጻፈበት። ከሼኩ ዙሪያ ብዙም ስላልራቀ ግን ለልጆች መጽሐፍ የሚታተምበት ደረጃ አልደረሰም።

ሦስተኛው የኛው የግዕዝ ፊደል ነው። በንጉሡ ዘመን የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲከፈት የሶማሊ ልጅ ፊደል የቆጠረው በአማርኛ ነበር። ደራሲው ኑረዲን ፋራህ እ.ኤ.አ. በ1945 ባይደዋ ተወልዶ ልጅነቱን ያሳለፈው በኦጋዴን ከተማ በከላፎ ነው፤ እዚያም አማርኛ፣ ዓረብኛና እንግሊዝኛ ተምሯል። ሶማሊኛ ግን የቤት ቋንቋ ስለሆነ ከክፍል ውጭ ቀረ። ይህ ልጅ አድጎ በዓለም የታወቀ ልብ ወለድ ጸሐፊ ሲሆን በእንግሊዝኛ መጻፉ ያስገርማል? አያስገርምም። ጽሕፈትን ያገኘው ከእናቱ ቋንቋ ውጭ ነው።

አራተኛው የላቲን ፊደል ነው። የሶማሊያ መንግሥት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 21 ቀን 1972 ለሶማሊኛ የላቲንን ፊደል አጸደቀ። እዚህ ላይ ጓደኞቻችን ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1974 ሶማሊያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቿን ዘግታ ተማሪዎቿን የገጠሩን ሕዝብ ፊደል እንዲያስቆጥሩ አሰማራች። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር፣ በኛ 1967 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ኢትዮጵያም «እድገት በኅብረት» ብላ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር ላከች። በድንበሩ ግራና ቀኝ የኛ ዕድሜ የነበሩ ወጣቶች ደብተርና ጠመኔ ይዘው በየዛፉ ጥላ ሥር ቆመው ነበር ማለት ነው። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ጦርነት መጣ። በመስከረም 1970 ዓ.ም. ጅግጅጋ በሶማሊያ ጦር ተያዘች፤ በየካቲት መጨረሻ በኢትዮጵያ ጦር ተመልሳ ተያዘች። በዚያ ጠመኔ ከቆጠሩት ልጆች ስንቱ መጽሐፍ ሳይዝ ጠመንጃ ያዘ?

ከጦርነቱ በኋላ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ዘመቻው ቀስ በቀስ ወደ 15 ቋንቋዎች ሲሰፋ ሶማሊኛም አንዱ ሆነ። የተጻፈው ግን በግዕዝ ፊደል ነው። እንግዲህ እስቲ አስቡት፤ ጌል ማለት በሶማሊኛ ግመል ነው። ድንበሩን ወዲያ ተሻግሮ ያለው ልጅ ጌልን በላቲን ይጽፋል፤ ወዲህ ያለው የአጎቱ ልጅ በግዕዝ ይጽፋል። ግመሉ አንድ፣ ቃሉ አንድ፣ ደብዳቤ ቢጻጻፉ ግን አይነባበቡም። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ፣ በተለይም የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርን ካጸደቀ በኋላ፣ በሶማሌ ክልል ሶማሊኛ በላቲን መማሪያ ሆነ። የትናንቱ የግዕዝ ማስቆጠሪያ ከመደርደሪያ ወረደ።

እኛ የትኛው ፊደል ይሻላል የሚለውን ክርክር እዚህ አንከፍትም። የምንለው ሌላ ነው። ልጅ የሚያነበው መጽሐፍ እንዲኖር ፊደሉ ተረጋግቶ መቆየት አለበት፤ ተራኪው ይጽፋል፣ ሠዓሊው ይሥላል፣ ማተሚያ ቤቱ ይለምዳል፣ አባት ያነበበውን ለልጁ ያወርሳል። አዲስ ፊደል በመጣ ቁጥር ይህ ሰንሰለት ከመጀመሪያው ቀለበት ይጀምራል። አያት በሎሕ፣ አባት በሀሁ፣ ልጅ በላቲን ከሆነ ማን ለማን ያንብብለት?

በዚህ ላይ ስደቱ አለ። በ1980 ዓ.ም. ከሰሜን ሶማሊያ የሸሹት በሐርቲሼክ ሠፈሩ፤ ያ ካምፕ የተዘጋው በ1996 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ደግሞ ከደቡብና ከመካከለኛው ሶማሊያ ለሚሸሹት አው በሬ በ1999፣ ሸደር በ2000 ዓ.ም. ተከፈቱ። የሸደር ልጅ ስንል እንግዲህ ሁለት ልጅ ነው፤ የቀበሌው ልጅና የካምፑ ልጅ። ሁለቱን ካለ ክርክር የሚያገናኛቸው «ሼኮ ሼኮ» ሲባል የሚመልሱት መልስ ነው።

በሌላው አገር እንዴት ሆነ?

ይህ ዕጣ የሸደር ብቻ እንዳይመስለን። ኦሮምኛን እንመልከት። አስቴር ጋኖ በልጅነቷ ተሸጣ፣ ከባርነት ተላቃ ምፅዋ አጠገብ በነበረው የሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደገች ልጅ ናት። የአገሯን ተረትና ዘፈን ከትዝታዋ እያወጣች ጻፈች። እ.ኤ.አ. በ1894 ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ያሳተሙት የኦሮምኛ ማስተማሪያ መጽሐፍ ፊደል አስቆጥሮ ብቻ አላቆመም፤ 79 አጫጭር ታሪኮችን ይዟል። ፊደልና ተረት በአንድ ጥራዝ! ሸደር የጎደላት ይኸው ነው።

አማርኛም ቢሆን ከጥንት የጽሕፈት ባለቤት ነው እየተባለ ለልጆች የሚሆነው ግን ዘግይቷል። ከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ»ን ባይጽፉ የስንቱ ሰው የልጅነት ንባብ ባዶ ይሆን ነበር። ተስፋዬ ሳህሉ፣ አገር ሁሉ አባባ ተስፋዬ የሚላቸው፣ ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ተረት ነገሩን፤ ልጆቻቸው ግን ከሚያነቡን ይልቅ የሚሰሙ ነበርን። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ይሠሩ የነበሩት ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በየቋንቋው በተጻፈው የልጆች መጽሐፍ መካከል የአማርኛውን ቢፈልጉ አጡ። እ.ኤ.አ. በ2002 የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ ባለቀለም ሥዕል አድርገው አሳተሙ፤ በ2003 አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ ቆየት ብሎም በሐዋሳ አህያ የሚጎትተው የመጻሕፍት ጋሪ ተነሣ። ልብ እንበል፤ የጀመሩት ከሌላ አገር ተረት ሳይሆን ከማሞ ቂሎ ነው።

አሁን ወደ ዊል ዋል እንመለስ። ያቺ የጅግጅጋ እንቆቅልሽ በሥዕል ያጌጠች የልጆች መጽሐፍ ሆና የታተመችው ጅግጅጋ አይደለም። ሞቃዲሾም አይደለም። አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ነው። እዚያ የሠፈሩት ሶማሊዎች ልጆቻቸው ቋንቋቸውን እንዳይረሱ በመስጋት የሚኒሶታ የሥነ ሰብ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2007 ዓመት ግድም አራት ተረቶችን በሶማሊኛና በእንግሊዝኛ አሳተመ፤ ዊል ዋል፣ ደግዴር፣ የዒጋል ሺዳድ ጉዞና የአንበሳው ድርሻ። የዊል ዋልን ሥዕል የሣለው ታዋቂው የሶማሊ ካርቱን ሠዓሊ አሚን ዓሚር ነው። ተረቱ ተሰደደ፤ በስደት አገር መጽሐፍ ሆነ። ተነገረበት ሜዳ ላይ ያለው ልጅ ግን ገና በእጁ አልዳሰሰው ይሆናል።

ሣጥኑ ውስጥ

ይህን ሁሉ ታሪክ የዘረዘርነው የሣጥኑን ቅደም ተከተል ለመወሰን ነው።

ከላይ የሚቀመጠው ዊል ዋል ነው። ልጁ ታሪኩን ስለሚያውቀው ፊደሉ ቢያስቸግረው እንኳ ታሪኩ እጁን ይዞ ያሻግረዋል። ቃሉን እየገመተ ያነብባል፤ ገምቶ ማግኘት ደግሞ የንባብ ግማሽ ነው። ለሴቶቹ ልጆች ደግሞ በተለይ ይነበብ፤ ሽማግሌ ያልፈታውን የፈታችው የነሱ እኩያ ናትና።

ቀጥሎ ዒጋል ሺዳድ። ልጅ ሲስቅ ገጹን ይገልጣል፤ ሌላ ምክንያት አንፈልግም። ደግዴርን በሚመለከት ግን እርስ በርሳችን ተከራክረናል። ግማሾቻችን «ከጦርነት የሸሸ ልጅ ምን ሌላ ማስፈራሪያ ያሻዋል?» አልን። ሌሎቻችን ደግሞ ተረቱ ረሃብንና ፍርሃትን ስም ሰጥቶ በመጨረሻው የሚያሸንፍ ስለሆነ ልጁን ያጠነክረዋል አልን። የተስማማነው እንዲህ ነው፤ ደግዴር ሣጥኑ ውስጥ ትግባ፣ ግን በቀን ብርሃን፣ በመምህሩ አፍ፣ እስከ መጨረሻዋ ገጽ ድረስ ትነበብ። ግማሽ መንገድ ላይ ደወል ተደውሎ ልጅ ከደግዴር ጋር ወደ ቤቱ እንዳይሄድ።

አራተኛው ማሞ ቂሎ ይሁን። የሸደር ልጅ አማርኛ መማሩ አይቀርም፤ ታዲያ ከሰዋስው ሕግ ይልቅ በማሞ ቢጀምር ምን አለበት? ዒጋል ፈሪ ነው፣ ማሞ ቂል ነው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ያነበበ ልጅ የደገኛውም አያት እንደ ቆለኛው አያት ትቀልድ እንደነበር ይገባዋል። ገንዘብ ካጠረ ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የሚሠራው የአፍሪካ ተረቶች ሥራ አለ፤ መጽሐፎቹን ማንም ተርጉሞ ማባዛት እንዲችል ፈቃዱ ክፍት ነው።

ከፍ ላሉት ልብ ወለድ ያስፈልጋል። ለ15 ዓመት ልጅ የምንመርጠው በላቲኑ የሶማሊኛ ፊደል ከታተሙት ልብ ወለዶች ቀዳሚ የሆነውን፣ ፋራህ መሐመድ ጃማ ዓውል እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጣውን ነው። ርእሱ «ድንቁርና የፍቅር ጠላት ነው» እንደ ማለት ነው። ባለታሪኩ የሚወዳት ልጅ የላከችለትን ደብዳቤ ራሱ ማንበብ አይችልም፤ መዘዙ ከዚያ ይጀምራል። ማንበብ ለምን ይጠቅማል ብሎ ለሚጠይቅ ጎረምሳ ከዚህ የበለጠ መልስ የለንም። የእንግሊዝኛው ትርጉም እ.ኤ.አ. በ1982 ወጥቷል። ለአማርኛው ንባብ «ፍቅር እስከ መቃብር» ቢከብድ ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ የተረከው አለ፤ አስቀድሞ ሰምቶ በኋላ ማንበብ ጆሮው ለሠለጠነ ልጅ ጥሩ መንገድ ነው።

ለመሰናዶ ተማሪዎች ኑረዲን ፋራህ ይከተል። በ1970 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ ያለ ፈቃዷ ልትዳር ስትል የጠፋች ኤብላ የምትባል የአርብቶ አደር ልጅን ታሪክ ይነግራል። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው «ካርታዎች» ደግሞ አስካር ስለሚባል የከላፎ ልጅ ነው፤ ያሳደገችው ሚስራ ከደጋው አገር የመጣች፣ ሶማሊ ያልሆነች ሴት ናት። ጦርነቱ ሲመጣ ልጁ እናት ብሎ ያወቃትን ሴት በምን ዓይን ይያት? ከባድ መጽሐፍ ነው። ቢሆንም ያ በጠመኔና በጠመንጃ መካከል የጠፋው ትውልድ ነገር እዚያ ውስጥ አለ፤ የሸደርም፣ የጎንደርም፣ የሞቃዲሾም ልጅ ቢያነበው እንወዳለን።

ለሚቃወሙን

«ፈተናው በእንግሊዝኛ፣ ሥራው በአማርኛ፤ የሶማሊኛ ተረት ምን ያበላል?» የሚሉን ወላጆችም መምህራንም አሉ። ስጋታቸው የእውነት ስጋት ነው፤ ልንንቀው አይገባም። ነገር ግን ማንበብን የሚማር ልጅ ሁለት ሸክም አለበት፤ ፊደሉን መለየትና ነገሩን መረዳት። ቋንቋውም ታሪኩም እንግዳ ከሆነበት ሦስተኛና አራተኛ ሸክም ይጨመርበታል። በሚያውቀው ታሪክ ማንበብን ከለመደ ሌላው ቋንቋ ላይ ሲደርስ ቢያንስ ማንበቡን ይዞ ይደርሳል። እንግሊዝኛውን አንቀማውም፤ ተራውን እንዲጠብቅ ነው ያልነው።

ሌሎች ደግሞ «ተረቱን እኮ እናቱ ትነግረዋለች፣ መጽሐፍ ምን ያደርግለታል?» ይላሉ። በሰላም ዘመን እውነት ነው። ነገር ግን ከቤቱ የተፈናቀለ ልጅ አያቱን ጥሎ መጥቶ ሊሆን ይችላል። አያት የሌለው ልጅ ተረቱን ከየት ያግኘው?

ስለዚህ ጓደኛችን ሣጥኑን ይዞ ሲሄድ ከሥር ባዶ ደብተሮች እንዲከት እንመክረዋለን። በማታ ለልጆቹ የቤት ሥራ ይስጥ፤ «ዛሬ ቤት የሰማችሁትን አንድ ተረት ጽፋችሁ ኑ»። በሶማሊኛ ይጻፉት። የተሻለውን ይምረጥ፤ ሥዕል መሣል የሚችል ልጅ ከየክፍሉ አይጠፋም። እኛ ይህን መጽሔት በምናባዛበት ዓይነት ወረቀትና ቀለም ሃያ፣ ሠላሳ ቅጂ ማውጣት ይቻላል። አስቴር ጋኖ የጀመረችው ከዚህ የበለጠ ነገር ይዛ አልነበረም። የሚቀጥለው የዊል ዋል መጽሐፍ ሚኒሶታ መታተም የለበትም፤ ሸደር ላይ፣ በሸደር ልጅ እጅ መሠራት ይችላል። ደብተሩን የሚያዋጣ ካለ ስሙን ያስመዝግብ።